ፈትቶ መግጠም፤ በቤት ስለሚሠራ አውቶሞቢል

አውቶሞቢል የሚሠራው ብዙ ሺህ ሠራተኞች በተሰለፉበት ታላቅ ፋብሪካ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር አንድ አስተማሪ ወይም አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ማታ ከሥራው ሲመለስ ልብሱን ለውጦ፥ በቤቱ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ጋራዥ ገብቶ፥ የሚነዳውን አውቶሞቢል በገዛ እጁ ሲሠራ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሥራ አጀማመርና አካሄድ፥ ከሁሉም ይልቅ ስለሚጠይቀው ጥንቃቄ፥ ለአንባብያን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1957 ዓ.ም. ሎተስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፥ መሥራቹ ኮሊን ቻፕማን ያሰባትን «ሎተስ ሰቨን»፥ ማለት «ሎተስ ሰባት» የተባለች ቀላልና ትንሽ የስፖርት አውቶሞቢል አወጣ። በዚያ ዘመን ተሠርቶ ባለቀ አዲስ መኪና ላይ ከባድ የግዢ ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ ክፍሎቹ ተለያይተው ሲሸጡ ግን ይህ ቀረጥ አይከፈልም ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ክፍሎቹን እየገዙ በቤታቸው ይገጥሙ ጀመር። ስለዚሁ ነገር እስከ ዛሬ የሚነገር አንድ ጨዋታ አለ፤ ይኸውም ደንቡ የአገጣጠም መመሪያ አብሮ እንዲሰጥ ስላልፈቀደ፥ ኩባንያው የአፈታት መመሪያ ይሰጥ ነበር፥ ገዢውም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይገጥም ነበር የሚል ነው። በ1973 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታወጅ ይህ የቀረጥ ጥቅም ቀረ፤ በዚያው ዓመትም መኪናዋን የመሥራት መብት ኬተራም ወደ ተባለ ድርጅት ተላለፈ።

ክፍሎቹን ሁሉ አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ገዝቶ፥ በጎ የሆኑትን ክፍሎቹን ለአዲሱ ማዋል ነው። በ1996 ዓ.ም. ሮን ቻምፒየን የተባሉ እንግሊዛዊ በ250 ፓውንድ ብቻ የስፖርት አውቶሞቢል መሥራት እንደሚቻል የሚያስረዳ መጽሐፍ ስላሳተሙ፥ ይህ መንገድ በብዙ አገር ታወቀ። በዚህ አኳኋን የሚሠራው መኪና «ሎኮስት» ይባላል፤ ስሙም ርካሽ ዋጋ ከሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገርና ከሎተስ ስም የተቀላቀለ ነው። በመጀመሪያ ለዚህ ሥራ የተመረጠው አሮጌው ፎርድ ኤስኮርት ነበር፤ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚያሽከረክረው የኋላውን እግር ስለ ሆነ ከሎተስ ሰቨን አሠራር ጋር ይስማማል። ዛሬ ግን አሮጌው ኤስኮርት ራሱ በብዙ የሚፈለግና ውድ ስለ ሆነ፥ ሠሪዎቹ ፎርድ ሲየራን ወይም ማዝዳ ኤም ኤክስ 5ን ወደ መፍታት ዞረዋል።

የሥራው መጀመሪያ መፍታት እንጂ መግጠም አይደለም። እያንዳንዱ ብሎን ከነዳዶው ከየት እንደ ወጣ በወረቀት እየተጻፈ በየከረጢቱ ይቀመጣል፤ ከመፍታትም በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት ይጠቅማል። ዛሬ ቸኩሎ የፈታ ሰው ከዓመት በኋላ አንድ ጣሳ ሙሉ ብሎን ይዞ የየትኛው እንደ ሆነ ሲመረምር ይውላል። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባብያን ወደ ጋራዥ ቢገቡ እንደሚሰሙት፥ ፍሬን፥ ቸርኬ፥ ካምቢዮ፥ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ ወደ መካኒኮቻችን አፍ የገቡ ናቸው። ሞተሩ፥ ካምቢዮው፥ መሪውና ዲፈረንሻሉ ታጥበውና ተመርምረው ለአዲሱ መኪና ይውላሉ፤ የተበላ ኩሽኔታ ይለወጣል። የፍሬኑ የጎማ ቱቦና የፍሬኑ ሸራ፥ እንዲሁም የመቀመጫው ቀበቶ ግን መልካቸው ምንም ቢያምር በአዲስ መተካት አለባቸው።

ከዚህ በኋላ ሻንሲው ይሠራል። ይህም ወርዱ 25 ሚሊሜትር ከሆነ ቱቦላሬ፥ በደልዳላ ጠረጴዛ ላይ በሙሉ ልኩ በተነደፈ ሥዕል እየተመራ ይቆረጣል። አራት ማዕዘን የሆነ ክፈፍ ከጥጉ ሲገፉት ይጣመማል፤ በመካከሉ አንድ ሰያፍ ብረት ገብቶ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሲሆን ግን ኀይልን ይችላል። የቀጫጭኑ ብረት ጥንካሬ ምስጢር ይህ ነው። መጋጠሚያዎቹ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያያዛሉ፤ ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል መሆናቸው ከታየ በኋላ፥ ሙቀት ብረቱን ወደ አንድ ወገን ስቦ እንዳያጣምመው ቦታ እየለዋወጡ ይበየዳል። ለብየዳ አዲስ የሆነ ሰው አስቀድሞ በቁርጥራጭ ብረት ይለማመድ፤ የበየደውንም በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጡ መያያዙን ይመልከት። እጁን ካላመነ የመጨረሻውን ብየዳ ለባለሙያ መስጠት ነውር አይደለም።

በፍሬን ነገር ግን ከሁሉም የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል። አዲሱ መኪና ከአሮጌው እጅግ ስለሚቀል፥ ክብደቱም በፊትና በኋላ እግሮቹ ላይ የሚያርፈው በሌላ መጠን ስለ ሆነ፥ ለአሮጌው የተስማማው ፍሬን ለአዲሱ ላይስማማ ይችላል። የኋላው እግር ከፊተኛው ቀድሞ የተያዘ እንደ ሆነ መኪናው በመንገድ ላይ ይሽከረከራል።

ሌላው የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። በመጽሐፉ ላይ 250 ፓውንድ ተብሎ ቢጻፍም፥ ጎማው፥ ቀለሙና የምርመራው ክፍያ ሲደመር ወጪው ከፍ ይላል፤ ጊዜውም የብዙ ወራት፥ ብዙ ጊዜም የዓመታት ማታና እሑድ ነው። ባልና ሚስት አስቀድመው ተመካክረው ገንዘቡንና ጊዜውን ካልወሰኑ፥ ግማሹ የተሠራ ሻንሲ በጓሮ ዝጎ የቤት ቅሬታ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ወዳጃችን ይህን ሥራ በሦስት ዓመት ፈጸመ። ልማዱም እያንዳንዱን ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ በላዩ አንዲት ነጥብ ቢጫ ቀለም ማድረግ ነበር። ለምርመራ ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጁን መብራት አስይዞ ነጥቦቹን ያስቆጥራት ጀመር። ልጅቱም ወደ መሪው ዘንግ አጎንብሳ፥ «አባባ፥ ይኸኛው ቀለም የለውም» አለችው። ወዳጃችን መፍቻውን ቢያገባ ብሎኑ በጣት ብቻ የጠበቀ ሆኖ ተገኘ። ከብዙ ወራት በፊት ለእራት ሲጠራ ተመልሼ አጠብቀዋለሁ ብሎ ትቶት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ ያ ብሎን በመንገድ ላይ ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ ከጎኑ የምትቀመጠው ይህችው ልጅ ነበረች።

በዚያ አገር በቤት የተሠራ መኪና የመንግሥት ምርመራ ሳያልፍ በሕዝብ መንገድ ላይ አይነዳም። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት የምርመራ ሥርዐት እያንዳንዱን መኪና ለብቻው ይመለከታል፤ ፍሬኑን፥ መሪውን፥ መብራቱን፥ ቀበቶው የታሰረበትን ቦታ፥ የጭሱንና የድምፁን መጠን ይለካል። እግረኛን እንዳይጎዳም በውጭ በኩል የሚነካ ጠርዝ ሁሉ እንዲዶለዱም ያዛል። የወዳጃችን መኪና በመጀመሪያው ቀን በአንድ ስለታም ጠርዝ ምክንያት ወደቀች፤ እርሱም ሳይከፋ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ፥ በሁለተኛው ጊዜ የፈቃዱን ወረቀት ተቀበለ።

ስለዚህ ነገር ስናነጋግረው የመለሰልን ቃል ይህ ነበር፤ «መርማሪው ጠርዙን ባያይ ኖሮ እኔ አላየውም ነበር፤ ልጄ ብሎኑን ባታይ ኖሮ መርማሪውም ላያየው ይችል ነበር»። በገዛ እጅ መሥራት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የሠሩትን ግን በሌላ ሰው ዓይን ማስመርመር የሥራው አንድ ክፍል እንጂ ውርደት አለመሆኑን ከእርሱ ተምረናል።