ከአዲሱ በረዶ ሥር

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል በስተምሥራቅ፣ በካስኬድ ተራሮች ላይ ስቲቨንስ ፓስ የሚባል የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012፣ 16 ሰዎች ከመዝናኛው ክልል ወጥተው ተነል ክሪክ ወደተባለው ቁልቁለት አመሩ። ከመካከላቸው ስመ ጥር ባለሙያዎችና አካባቢውን አበጥረው የሚያውቁ ነበሩ። የበረዶ ናዳ ሦስቱን ገደለ። አብራቸው የተወሰደች አንዲት ሴት በጀርባዋ የያዘችውን ኤርባግ ከፍታ ተረፈች።

ጦሱ የተጠነሰሰው ግን ቀደም ብሎ ነው። በወሩ መጀመሪያ ሰማዩ ጠርቶ ቁሩ ሲበረታ፣ በበረዶው ገጽ ላይ ላባ መሰል ውርጭ አበበ። ለዓይን ያምራል። ከዚያ በላዩ ብዙ በረዶ ወረደና ቀበረው። አዲሱ በረዶ እርስ በርሱ ተያይዞ ወፍራም ንጣፍ ሲሠራ፣ ከሥሩ ያለው ውርጭ ግን ስስና ተሰባሪ እንደሆነ ይቆያል፤ ጠጠር ላይ እንደተጋደመ ሳንቃ መሆኑ ነው። የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል። ሕይወት ከሚቀጥፉት ናዳዎች አብዛኞቹን የሚቀሰቅሱት ሟቾቹ ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው ናቸው።

ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው። ከዚያ የባሰ ገደል ያስፈራል እንጂ በረዶው ሳይጠራቀም ቶሎ ቶሎ ይራገፋል። ክፋቱ፣ ሸርታቾች የሚወዱትም ይህንኑ መካከለኛውን ነው።

ጠንቃቆች ሳይወርዱ በፊት ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር በ30 የሆነ ምሰሶ ለይተው አካፋ አናቱ ላይ ያስቀምጡና በእጃቸው ይመታሉ፦ አሥሩን ከአንጓ፣ አሥሩን ከክርን፣ አሥሩን ከትከሻ። በጥቂት ምት ተንሸራቶ ከወደቀ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ያለው በረዶ ግን ሌላ ጠባይ ሊኖረው ይችላል። አንዳንዴ ተራራው ራሱ ይናገራል፤ ከእግር ሥር «ዱም» የሚል የታፈነ ድምፅ ከተሰማ፣ ስሱ ንብርብር ተደርምሷል ማለት ነው።

የተቀበረን ሰው የሚያድነው ሄሊኮፕተር ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ የቆመው በረዶ ስለሚጠጥር ያለ አካፋ አይቆፈርም። ስለዚህ ምልክት የሚያስተላልፍ ሬዲዮ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መኖር አለባቸው።

የናዳ አደጋ ትንበያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃ 3 በታወጀበት ቀን ነው። 5 ሲባል ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል፤ 3 ግን ከአምስት መካከለኛ ስለሆነ የሚያዘናጋ ቁጥር ነው፣ ትርጉሙ ሰው ናዳ የመቀስቀስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው ማለት ሆኖ ሳለ። ለካስኬድ ተራሮች ይህን ትንበያ የሰሜን ምዕራብ የናዳ ማዕከል በበረዶ ወራት በየቀኑ በነፃ ያወጣል።