የሰርቨር ክፍተት ተደፈነ የሚባለው መቼ ነው?

ኦፕንኤስኤስኤል በድረ ገጽና በጎብኚው መካከል የሚመላለሰውን መረጃ የሚያመሰጥር ሶፍትዌር ነው፤ የማይገኝበት የሊኑክስ ሰርቨር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2014 በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ ሁለት ዓመት ተደብቆ የኖረ ክፍተት ይፋ ሆነ። ስሙም ሃርትብሊድ ተባለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ማሽኖች ሲገናኙ መስመሩ አለመቋረጡን ለማወቅ አንዱ አጭር ቃል ይልካል፣ ሌላው ያንኑ ቃል ይመልሳል። ላኪው የቃሉንም ርዝመት አብሮ ይናገራል። ሰርቨሩ ግን የተነገረውን ርዝመት ከደረሰው ቃል ጋር አያመሳክርም ነበር። አንዲት ፊደል ልኮ "64 ሺህ ነው" ያለ አጥቂ፣ ለአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ መረጃ ከሰርቨሩ ሜሞሪ ይመለስለታል። በዚያ ውስጥ የሰው የይለፍ ቃል ሊኖር ይችላል፤ የሰርቨሩ የራሱ የምስጢር ቁልፍም ሊኖር ይችላል። በተለመደው የሰርቨር ሎግ ላይ ደግሞ ዱካው አይታይም። ማስተካከያው የጥቂት መስመሮች ኮድ ነበር፦ ርዝመቱን አመሳክር፣ ካልገጠመ መልስ አትስጥ።

ማስተካከያው (ፓቹ) ወዲያው ወጣ፣ ብዙ አስተዳዳሪዎችም ወዲያው ጫኑት። ብዙ ሰው የማያየው ችግር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አፕዴት ሲደረግ የሚቀየረው ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ነው። ከሳምንታት በፊት የተነሣው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ግን አሮጌውን ኮድ ሜሞሪ ውስጥ ጭኖ እየሠራ ነው። ደብተሩ ቢታረምም፣ ትምህርቱን ትናንት በቃሉ የያዘ ተማሪ የሚደግመው የቀድሞውን ነው። ሊኑክስ አሮጌው ፋይል ስሙ ከዲስክ ላይ ቢጠፋም፣ የያዘው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ይዘቱን አይጥለውም። ኤልኤስኦኤፍ በተባለው ትእዛዝ የተከፈቱ ፋይሎች ሲዘረዘሩ፣ ከአሮጌው ፋይል ጎን "ተሰርዟል" የሚል ምልክት ይታያል። ያ ምልክት እስካለ ድረስ ክፍተቱም አለ። ሰርቪሱ ሪስታርት መደረግ አለበት። በሃርትብሊድ ጊዜ ደግሞ ይህም አልበቃም፤ ቁልፉ አስቀድሞ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ቁልፍና አዲስ ሰርተፊኬት ማውጣት፣ አሮጌውንም ማሰረዝ አስፈለገ።

ክፍተቱ ያለው የስርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው ከርነል ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ከርነል የሚቀየረው ሰርቨሩ በሙሉ ጠፍቶ ሲነሣ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እንዲህ ያለ አፕዴት ሲጫን ሪቡት እንደሚያስፈልግ የሚናገር ትንሽ ፋይል አስቀምጦ ይጠብቃል። ፋይሉ ግን ማንንም አያስገድድም፤ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። ሰርቨራቸው ለዓመታት ሳይጠፋ መሥራቱን በኩራት የሚናገሩ ባለሙያዎች አሉ። በእኔ ዓይን ያ ቁጥር ያስፈራል፤ ከርነሉ ሳይነካ የከረመበት ዘመን ነውና። ማጥፋት ለማይቻልበት ቦታ በሚሠራ ከርነል ላይ ፓች የማድረግ ዘዴ መጥቷል። በኤምአይቲ የተጀመረው ኬስፕላይስ ቀደምት ሲሆን፣ በ2015 ደግሞ የሊኑክስ ከርነል ራሱ በ4.0 እትሙ የዚህን ዘዴ መሠረት ተቀብሏል። ዘዴው ስህተት ባለበት የኮድ ክፍል መግቢያ ላይ ወደ ተስተካከለው ኮድ የሚያሻግር ዝላይ ያስገባል። ማስተካከያው የውሂቡን አደረጃጀት የሚለውጥ ከሆነ ግን ዘዴው ይቸገራል፤ ያኔ ሪቡት አይቀርም።

ታዲያ ሰው ለምን ይዘገያል? ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ያሰራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጥሏል። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተስተጓጎለ። ይህን ያየ ሰው ሌሊት ብቻውን የባንክ ሰርቨር ላይ አፕዴት ሲጀምር ቢፈራ እውነት አለው። ስለዚህ ነው ጠንቃቃ ቡድን ፓቹን መጀመሪያ በሙከራ ማሽን ላይ፣ ቀጥሎ በጥቂት ሰርቨሮች ላይ፣ በመጨረሻ በሁሉም ላይ የሚያደርገው፤ ባክአፑንም አስቀድሞ የሚይዘው።

ግን ፍርሃቱ ገደብ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም ፓች በወጣበት ቅጽበት ክፍተቱም ተነግሯል ማለት ነው። አጥቂው አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አነጻጽሮ ምን እንደተቀየረ ያያል። ማይክሮሶፍት በማርች 14 ቀን 2017 የዊንዶውስን የፋይል መጋሪያ ክፍል ክፍተት የሚደፍን ፓች አወጣ። በሚቀጥለው ወር ክፍተቱን የሚጠቀም የአሜሪካ የስለላ መሣሪያ ሾልኮ በኢንተርኔት ተለቀቀ። ሜይ 12 ላይ ይህንኑ ክፍተት የተጠቀመው ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ተነሣ። መካከሉ 59 ቀን ነው። በእንግሊዝ ከ236ቱ የመንግሥት ጤና አስተዳደሮች ሲሶ ያህሉ ተጎዱ፤ ከተመቱት ማሽኖች የሚበዙት ፓቹ የነበረላቸው፣ ግን ያልተጫነላቸው የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ነበሩ። ድጋፉ በ2015 ለተቋረጠው ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ማይክሮሶፍት የድንገተኛ ፓች ያወጣው ከጥቃቱ በኋላ ነው።

ፓች መደረጉን በእትም ቁጥር ብቻ ማረጋገጥም ያሳስታል። ጁላይ 1 ቀን 2024 ሰርቨርን ከርቀት ለማስተዳደር በሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች ውስጥ ከባድ ክፍተት ይፋ ሆነ። ይህ በ2006 ተደፍኖ የነበረ ክፍተት በኋላ በተደረገ የኮድ ለውጥ ተመልሶ ከ8.5 እትም ጀምሮ የገባ ነው። የተስተካከለው እትም 9.8 ነው። ዴቢያን 12 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ግን ወደ 9.8 አልዘለለም፤ ማስተካከያውን ብቻ ወስዶ በነበረው 9.2 ላይ አስገባው። ቁጥሩን አይቶ "አሮጌ ነው" የሚል መርማሪ ይሳሳታል፤ መታየት ያለበት ከጀርባው የተቀጠለው "ዴብ12ዩ3" የሚለው ጭራ ነው። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ሴንትኦኤስ 7 ደግሞ የኦፕንኤስኤስኤችን 7.4 እትም ስለሚጠቀም ይህ ክፍተት ጭራሽ አልነካውም። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ያበቃው ግን ክፍተቱ ይፋ በሆነበት ዋዜማ፣ ጁን 30 ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚገኝ ክፍተት ከፕሮጀክቱ ፓች አይወጣለትም፤ ባለቤቱ ወይ ከሌላ ድርጅት የተራዘመ ድጋፍ ይገዛል፣ ወይ ወደ አልማ ወይም ወደ ሮኪ ሊኑክስ ይሻገራል።