አንድ ኮምፒዩተር፣ ብዙ ኢሜይል፦ ከተንደርበርድ ጋር ትውውቅ

ሳሎን ጥግ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ጠዋት አባት የመሥሪያ ቤታቸውን መልእክት ያዩበታል፤ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ የምትጠብቀውን መልስ ትፈትሽበታለች፤ ማታ እናት አሜሪካ ያለች እህታቸው የላከችላቸውን ፎቶ ይከፍቱበታል። አድራሻው የየግል ነው፣ ማሽኑ ግን የጋራ። ለእንዲህ ዓይነት ቤት የሚሆን የኢሜይል ፕሮግራም ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ለመልመድ የማይከብድ፣ የአንዱን ደብዳቤ ከሌላው ጋር የማያደባልቅ መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚያሟላ በቀላሉ ይገኛል። ቤተሰብን የሚያጣላው ሦስተኛው ነው። ሦስቱንም አይቼ እኔ የምመርጠው ተንደርበርድን ነው።

ብዙ ሰው ኢሜይሉን የሚያየው በብራውዘር ገብቶ ነው፤ ለምን ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገኛል ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው። መልሱ በመጀመሪያ ኔትወርክ ነው። ብራውዘር ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶ ገጽ ይዞ ይቀራል። የኢሜይል ፕሮግራም ግን ደብዳቤዎቹን ቀድሞ ወደ ማሽኑ ስለሚያወርድ፣ ያለፈ ዓመት የተላከ ውል እንኳ መስመር በሌለበት ሰዓት ይነበባል፣ ይፈለጋል። መልስም መጻፍ ይቻላል፤ የተጻፈው ‘አውትቦክስ’ በሚባለው ፎልደር ተቀምጦ መስመር ሲመለስ ይላካል። መስመር በየጊዜው በሚቆራረጥበት፣ ዳታም በጥቅል በሚገዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ‘ሳይን አውት’ ማለት የሚረሳ ሰው ነው። በጋራ ብራውዘር ላይ አንዱ ከፍቶት የሄደውን ኢሜይል ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሳያስበው ይገባበታል።

ተንደርበርድ የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ነው። የሠራው ሞዚላ፣ ፋየርፎክስ የተባለውን ብራውዘር ያወጣው ድርጅት ነው። ያኔ ዊንዶውስ ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ጋር በመጣው አውትሉክ ኤክስፕረስ ይጠቀም ነበር። እሱ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ቀረ። ቪስታ ሲመጣ በዊንዶውስ ሜይል ተተካ፤ ቀጥሎ ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል መጣ፤ ከዚያ ዊንዶውስ 10 የራሱን ‘ሜይል’ ይዞ መጣ፤ እሱም በ2024 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጦ ቦታውን ለአዲሱ አውትሉክ ለቀቀ። የዊንዶውስ ሠሪ ማይክሮሶፍት ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር እናትም አባትም አዲስ ነገር መልመድ ነበረባቸው።

ተንደርበርድም ክፉ ቀን አይቷል። በ2012 ሞዚላ ከእንግዲህ አዳዲስ ነገር ለመጨመር ትኩረት እንደማይሰጠው አስታወቀ፤ ብዙዎች አበቃለት ብለው ነበር። ያተረፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከ2020 ጀምሮ በሞዚላ ፋውንዴሽን ሥር ባለ ኤምዜድኤልኤ በተባለ ኩባንያ ይተዳደራል፤ ወጪው የሚሸፈነው በዋናነት ከተጠቃሚዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። በ2023 መልኩ ታድሷል፣ በ2024 ደግሞ ለአንድሮይድ ስልክ የሚሆነው ወጥቷል። መዋጮ ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ በደብዳቤዎች መካከል የሚሰገሰግ ማስታወቂያም የለበትም። አዲሱ አውትሉክ በነፃ ሲሠራ ማስታወቂያ ያሳያል፤ የጂሜይል አድራሻ ሲጨመርበትም የደብዳቤዎቹን ቅጂ በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጣል። ይህ የማያሳስበው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለመልመድም አይከብድም። እኔ ግን ለቤተሰብ ስመርጥ የሰዉ ደብዳቤ ሳያስፈልግ ሌላ ቦታ እንዲያድር አልፈልግም።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ስም፣ የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የታወቁ አገልግሎቶችን የሰርቨር ስምና ቁጥር ራሱ ከሞዚላ መዝገብ ፈልጎ ያመጣል፤ አንድም ነገር በእጅ መሙላት አያስፈልግም። ጂሜይል ከሆነ የጉግል መግቢያ መስኮት ይከፈታል፤ እዚያ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ መፍቀድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ ማንበብ የሚያስፈልግ አንድ ምርጫ አለ፤ ‘አይማፕ’ ወይስ ‘ፖፕ’ የሚል። ፖፕ የቆየው መንገድ ነው፤ ደብዳቤውን ወደ ማሽኑ ያወርድና፣ ሰርቨሩ ላይ ቅጂ ይቅር ካልተባለ በቀር ከዚያ ያጠፋዋል። ሰው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ በነበረው ዘመን ይህ አይጎዳም ነበር። በማውቀው አንድ ቤት ግን በፖፕ የተዘጋጀ አሮጌ ፕሮግራም የልጅቷን የስኮላርሺፕ መልስ ሳሎን ላለው ኮምፒዩተር አውርዶ ከሰርቨሩ አጠፋው። እሷ ክፍለ ሀገር ሆና በስልኳ ስትጠብቅ፣ ደብዳቤው እቤት ማንም ሳይከፍተው ተቀምጦ ነበር። አይማፕ ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ቅጂ ብቻ ስለሚያወርድ ስልኩም ኮምፒዩተሩም እኩል ያያሉ። ጥንቃቄው ሌላ ነው፦ እቤት የተሰረዘ ደብዳቤ ከስልክም ይሰረዛል። ለማንኛውም ቤተሰብ የሚሆነው አይማፕ ነው፤ ተንደርበርድም አስቀድሞ የሚያቀርበው እሱን ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር፣ ወደ ደብዳቤ አለመደባለቅ፣ ልምጣ። ተንደርበርድ ስንትም አድራሻ በአንድ መስኮት ይይዛል፤ በግራ በኩል የአባት፣ የእናትና የልጅ ኢንቦክስ በተርታ ይደረደራሉ። የሚመች ይመስላል፣ ነገር ግን አይመከርም። አዲስ ደብዳቤ ሲከፈት ከላይ ‘ፍሮም’ የሚል መስመር አለ፤ የሚሞላው በዚያ ሰዓት በተመረጠው ኢንቦክስ ባለቤት አድራሻ ነው። ልጅቷ የአባቷን ኢንቦክስ እንደተከፈተ አግኝታ በችኮላ ብትጽፍ፣ ለመምህሯ የላከችው የቤት ሥራ በአባቷ ስም ይደርሳል። መልሱም የሚመጣው ለእሳቸው ነው።

አንዳንዶች ለዚህ መፍትሔ ብለው ‘ፕሮፋይል’ ይከፍታሉ። ተንደርበርድ ለየሰዉ የተለየ ፕሮፋይል መያዝ ይችላል፤ ደብዳቤዎቹም አይደባለቁም። ነገር ግን ፕሮፋይል ቁልፍ የለውም፤ ማንም መርጦ ይከፍተዋል። ‘ፕራይመሪ ፓስወርድ’ የሚባለውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የሚቆልፈው የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ነው እንጂ የወረዱ ደብዳቤዎችን አይደለም። ደብዳቤዎቹ ማሽኑ ላይ እንደ ተራ ፋይል ስለሚቀመጡ፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በኖትፓድ ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል።

እውነተኛው ግድግዳ ያለው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። በሴቲንግ በኩል ‘አካውንትስ’ ገብቶ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱን መግቢያ ከነይለፍ ቃሉ መክፈት ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ለየራሱ በር ያለው ክፍል እንደመስጠት። ተንደርበርድ አንድ ጊዜ ከተጫነ ለሁሉም ይሆናል፤ ማንም በራሱ መግቢያ ሲከፍተው በራሱ ፎልደር ውስጥ አዲስ ፕሮፋይል ያገኛል። የኢንቦክሱ ዝርዝር አንድ ብቻ ስለሆነ ‘ፍሮም’ የሚለው መስመር ላይ የሚሳሳት አይኖርም። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ግን ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሌሎቹ ‘ስታንዳርድ’ ይባሉ፤ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው የሌላውን ፎልደር መክፈት ይችላልና። ከወንበር ሲነሱ ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍንና ‘ኤል’ን አብሮ መጫን ይበቃል፤ ማሽኑ ይቆለፋል፣ የተከፈተው ሥራ ግን አይዘጋም። ይህን ሁሉ ለማዘጋጀት ረጅም ጊዜ አይፈጅም፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ራሳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።

የአላስፈላጊ መልእክት ማጣሪያው በትምህርት የሚያድግ ነው። ‘ጃንክ’ የሚለውን ምልክት በተጫኑ ቁጥር ምን እንደማይፈልጉ ይለምዳል፣ በስህተት የጣለውንም ‘ጃንክ አይደለም’ ሲባል ያርማል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትዕግሥት ይፈልጋል። ከውጭ የሚጠሩ ምስሎችንም ሳያስፈቅድ አያሳይም። ብዙ ጊዜ እንደነዚያ ያሉ ምስሎች ላኪው ደብዳቤው መከፈቱን የሚያውቅባቸው ስለሆኑ፣ ካልታወቀ ሰው ለመጣ ደብዳቤ ‘አሳይ’ አለማለት ይሻላል።

ስለ ፊደላችን የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ማንኛውም የአማርኛ ደብዳቤ በተንደርበርድ ሳይበላሽ ይነበባል፣ ርዕሱም ጭምር። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ይህ የትኛውም የኢሜይል ፕሮግራም ብቻውን የሚፈታው አይደለም፣ የቀድሞው ፎንት ወይም መቀየሪያ ያስፈልገዋል።

ኮምፒዩተሩ ሲያረጅና ሲቀየር በአይማፕ የተያዘው ደብዳቤ አዲሱ ማሽን ላይ ከሰርቨሩ ተመልሶ ይወርዳል። ‘ሎካል ፎልደርስ’ በሚል ርዕስ ሥር የተቀመጠው ግን ያለው ማሽኑ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ከመሸጥ በፊት ‘ሄልፕ’ ውስጥ ካለው የችግር መፍቻ ገጽ የፕሮፋይሉን ፎልደር አስከፍቶ፣ ተንደርበርድን ዘግቶ፣ ፎልደሩን እንዳለ በፍላሽ መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህንንም በየሰዉ መግቢያ ገብቶ ለየብቻ ማድረግ ነው።