ደብረ ዳሞ፦ ገድሉና ሕንፃው ጎን ለጎን ሲነበቡ

መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ገድላትን ስናነብ ትኩረታችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በታሪኩ አወራረድ፣ በባለታሪኩ አሣሣልና በቋንቋው ላይ ነው። ገድሉ የሚተርክለት ቦታ ስሙ ተጠርቶ ይታለፋል። በቦታው ላይ የቆመው ሕንፃም የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው ተብሎ ይተዋል። እኔ እንደማምነው ይህ ክፍፍል ሁለቱንም ወገን ጎድቷል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የደብረ ዳሞን ገዳም በምሳሌነት ወስጄ፣ ገድሉ ለሕንፃው፣ ሕንፃውም ለገድሉ እንዴት ማብራሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ቦታውና ትውፊቱ

ደብረ ዳሞ በትግራይ፣ ከአዲግራት ወደ አድዋ ከሚወስደው መንገድ በስተሰሜን የሚገኝ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ አምባ ነው። ዙሪያውን በገደል የታጠረ ሲሆን፣ መውጫው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቀጥ ያለ ገደል ላይ የተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። ወደ አምባው ሴቶች አይወጡም። አናቱ ላይ መነኮሳቱ የሚኖሩባቸው ቤቶች፣ ከዓለቱ ተፈልፍለው የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ ጉድጓዶችና ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ትልቁ በአቡነ አረጋዊ ስም የሚጠራው ነው። ትንሹ በአምባው ምሥራቃዊ ጠርዝ ያለው ሲሆን፣ ጻድቁ የተሰወሩበት ቦታ እንደ ሆነ ይነገራል።

ገዳሙን የመሠረቱት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ፣ በሌላ ስማቸው ዘሚካኤል፣ መሆናቸውን ትውፊቱ ያስረዳል። ዘመኑ 6ኛው መቶ ዓመት፣ ንጉሡም የካሌብ ልጅ ገብረ መስቀል ነው። ገድለ አረጋዊ የተጻፈው ግን ከዚያ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በመሆኑም ገድሉን እንደ ዓይን ምስክር ቃል ልንወስደው አንችልም። ይህ ማለት ግን ታሪካዊ ትዝታ የለውም ማለት አይደለም።

«አፍርሰው» የሚለው ቃል

በገድሉ ውስጥ እጅግ የታወቀው ክፍል ዘንዶው ጻድቁን በጅራቱ ይዞ ወደ አምባው ያወጣበት ነው። ሠዓሊዎችም ደጋግመው የሣሉት ይህንኑ ነው። እኔ ግን የአንባቢን ትኩረት ወደ ሌላ ክፍል ልስብ እወዳለሁ። ይኸውም ንጉሥ ገብረ መስቀል ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ መወጣጫ እንዳሠራ፣ ሥራው ሲፈጸም መወጣጫው ይቅር ወይስ ይፍረስ ተብሎ እንደ ተጠየቀ የሚናገረው ነው። የጻድቁ መልስ በግእዝ «ዳሕምሞ»፣ አፍርሰው እንደ ማለት፣ ነበር ይባላል። የቦታውም ስም ከዚሁ ቃል እንደ ወጣ ትውፊቱ ያስተምራል።

የስሙ አወጣጥ በሥነ ልሳን መመዘኛ ትክክል ይሁን አይሁን እዚህ ላይ ዋና ጉዳይ አይደለም። ዋናው ነገር ተራኪው አንድ እውነተኛ የሕንፃ ሥራ ችግር ማወቁ ነው። በጠፍር ብቻ በሚወጣበት አምባ ላይ ያን ሁሉ ጠርብና ጥርብ ድንጋይ ማን አወጣው? አሁንስ የወጣበት መንገድ የት አለ? ተራኪው ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ክንውን መልሷቸዋል። መወጣጫው ነበረ፤ ፈረሰም። ከዚህም በላይ መልሱ የምንኩስናን ትርጉም ይዟል። ሰው ለመውጣት የሚያስፈልገውን ያህል ይሠራል፣ ከወጣ በኋላ ግን ዓለም ተከትላው እንዳትመጣ መንገዱን ይዘጋል። የዘንዶው ታሪክ ተአምሩን ሲነግረን፣ የመወጣጫው ታሪክ ደግሞ የገዳሙን ሐሳብ ይነግረናል።

ሕንፃው ምን ይላል?

አሁን ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን እንመለስ። ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል፣ ወርዱም ከዚያ እኩሌታ የሚጠጋ ነው። በሦስት የተከፈለ ረዥም አዳራሽ ሲሆን፣ መካከለኛው ክፍል በድንጋይ አምዶች ከግራና ከቀኙ ይለያል። መቅደሱ በምሥራቅ፣ መግቢያ ደጀ ሰላሙ በምዕራብ ነው።

ግድግዳው የተሠራው በድንጋይ ብቻ አይደለም። ትናንሽ ድንጋዮች በጭቃ ይደረደራሉ፤ በየመካከሉ በግድግዳው ርዝመት ልክ አግዳሚ ጠርብ ይጋደማል፤ ውስጠኛውንና ውጭኛውን ጠርብ ደግሞ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ያያይዟቸዋል። የእነዚህ እንጨቶች ጫፎች ከግድግዳው ውጭ ሾልከው ስለሚታዩ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። ስለዚህ የዝንጀሮ ራስ መጀመሪያ ጌጥ አልነበረም። ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ የሚይዝ ማሰሪያ ነበር።

የዚህ ነገር ጥቅሙ ወደ አክሱም ስንሄድ ይታያል። እዚያ ያሉት የተቀረጹ ታላላቅ ሐውልቶች በሮች፣ መስኮቶችና ክብ የእንጨት ጫፎች ተቀርጸውባቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ወድቆ ያለው፣ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው። የሐውልቶቹ ጠራቢዎች በድንጋይ የቀዱት በዘመናቸው የነበረውን የእንጨትና የድንጋይ ቤት ነው። እነዚያ ቤቶች ግን ዛሬ ከመሠረታቸው በስተቀር የሉም። ደብረ ዳሞ ባይኖር ኖሮ የሐውልቶቹን ቅርጽ ማየት እንጂ የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ መረዳት ይቸግረን ነበር። ኋላም በ12ኛው መቶ ዓመት በይምርሐነ ክርስቶስ ይኸው አሠራር በእንጨትና በድንጋይ ተደግሟል፤ በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ደግሞ ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ ተመስሏል። ማሰሪያ የነበረው ጌጥ ሆኗል ማለት ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንድ ቃል የቀድሞ ተግባሩን ጥሎ ለዘይቤ ብቻ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቷልና።

የደጀ ሰላሙ ጣሪያም ሌላ ንባብ ይጠይቃል። በእንጨት ገበታዎች ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመል፣ ሚዳቋና ሌሎችም እንስሳት ተቀርጸዋል። ዓለምን ትተው በወጡ ሰዎች ራስ በላይ የዓለም እንስሳት ተሰልፈዋል። ከገዳሙ የተገኙት ከ100 በላይ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞችና የግብፅ ጨርቆችም አምባው ከቀይ ባሕር ንግድ ዓለም ጋር ግንኙነት እንደ ነበረው ያመለክታሉ። ገድሉ ዝም ያለውን ይህን ጉዳይ ቦታው ተናግሮታል።

አምባው በታሪክ ውስጥም መጠጊያ ሆኗል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ አፄ ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1540 ሲያርፉ የተቀበሩት እዚያው ነው። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም በዚያው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1541 ከፖርቱጋሎች ጋር የተገናኙት ከአምባው ወርደው ነው። የፈረሰው መወጣጫ ከአንድ ሺሕ ዓመት በኋላ ዘውዱን አተረፈ ማለት ይቻላል።

የሚጠፋውና የሚገለበጠው

ገድል ቢያረጅ ይገለበጣል። እንጨት ግን አይገለበጥም፤ ይተካል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዛዊው ዴሬክ ማቲውስ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያድስ ያረጁ ክፍሎች በአዲስ ተተክተዋል። ዛሬ የቀድሞውን ከአዲሱ ለመለየት የሚያስችለን ከዚያ በፊት የተሠራው ንድፍ ነው። በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ቡድን እ.ኤ.አ. በ1906 ያዘጋጀው፣ በ1913 የታተመው ጥናት በዚህ ረገድ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ሕንፃውን ለማየት ለማይችሉት ሴቶች ተማሪዎቻችንና ተመራማሪዎቻችንም ንድፍና ፎቶግራፍ ዋና በር መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ወቅት ገዳሙ ጉዳት እንደ ደረሰበት ተዘግቧል። እንዲህ ያለ ቅርስ ሲጎዳ የሚጠፋው የአንድ ገዳም ንብረት ብቻ አይደለም። የአክሱምን ሐውልቶች የምናነብበት መዝገበ ቃላትም አብሮ ይጎዳል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው ገድለ አረጋዊ ሕንፃው እንዴት እንደ ተሠራና ለምን በዚያ ቦታ እንደ ቆመ ይተርካል። ሕንፃው በበኩሉ ገድሉ ያልተናገረውን የጠራቢውን ዕውቀትና የንግዱን ዓለም ያሳያል። ስለዚህ የገድል ጥናት ለሚጀምሩ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንድን ገድል ስትመርጡ የገዳሙን ንድፍ አብራችሁ ፈልጉ፤ በገድሉ ያሉትን የሕንፃ ቃላት ለይታችሁ መዝግቡ፤ በአካባቢው ያሉ አናጢዎችና ግንበኞች ለእነዚያው ክፍሎች የሚሰጧቸውን ስሞች ጠይቁ። እነዚህ ስሞች በአብዛኛው በመጽሐፍ ያልሰፈሩ በመሆናቸው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከማለፋቸው በፊት መመዝገብ ያለባቸው አሁን ነው።