ያልተነካው ኮታ፦ ባሕሩን የሚለካው ሳይንስ፣ ድርሻውን የሚያከፋፍለው መንግሥት

በደቡባዊ እንግላንድ ጠረፍ በምትገኘው በሄስቲንግስ ከተማ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያቆሙበት ወደብ የላቸውም። ከባሕር ሲመለሱ ጀልባዎቻቸውን በሞተር በሚጠቀለል የብረት ገመድ እየጎተቱ ጠጠራማው ዳርቻ ላይ ያሳርፏቸዋል፤ ለሥራ ሲወጡ ደግሞ እየገፉ ወደ ውኃው ይመልሷቸዋል። ይህ አሠራር በጀልባው መጠን ላይ የራሱን ገደብ ይጥላል። በየዕለቱ ከጠጠር ላይ የሚወጣና የሚወርድ ጀልባ ግዙፍ ሊሆን አይችልም፤ ግዙፍ ያልሆነ ጀልባ ደግሞ ዓሣ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። በመሆኑም የሄስቲንግስ አጥማጆች ሶል የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ወይም ኮድ ወደ እነርሱ ጠረፍ ሲመጣ ያጠምዳሉ፤ ሲርቅ ይጠብቃሉ።

እነዚህንና መሰሎቻቸውን ለብዙ ዓመታት ያስመረራቸው ግን የዓሣ እጦት ብቻ አልነበረም። መረባቸው ሞልቶ ሳለ ለወሩ የተፈቀደላቸው ኮታ ያልቅና የሞተውን ዓሣ መልሰው ወደ ባሕር እንዲጥሉ ይገደዱ ነበር። በዚያው ጊዜ በትላልቆቹ መርከቦች ማኅበራት እጅ የሚገኝ ኮታ ዓመቱ እስኪያልቅ ሳይነካ የሚቀርበት አጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የብሪታኒያ መንግሥት ከዚህ ሥራ ፈት ኮታ ጥቂቱን ወስዶ ለትናንሾቹ ለመስጠት ወሰነ። የተወሰደው መጠን ከአገሪቱ ጠቅላላ ኮታ አንጻር አነስተኛ ነበር። ይሁንና ውሳኔው በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። ለመሆኑ ለጥቂት ዓሣ ይህን ያህል ሙግት ያስነሣው ምንድን ነው?

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ኮታ እንዴት እንደሚሰላ ማየት ያስፈልጋል። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ የሚገኙትን የዓሣ ክምችቶች ሁኔታ እያጠና ለመንግሥታት ምክር የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1902 የተቋቋመውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ነው። ባሕር ውስጥ ያለን ዓሣ እንደ ከብት አሰልፎ መቁጠር አይቻልምና ሊቃውንቱ የሚጠቀሙበት መንገድ ተዘዋዋሪ ነው።

በዓሣ ጭንቅላት ውስጥ ለመስሚያና ለሚዛን መጠበቂያ የምታገለግል፣ ከኖራ የተሠራች ትንሽ ድንጋይ መሰል አካል አለች። የዛፍ ግንድ ዕድሜውን በቀለበት እንደሚመዘግብ ሁሉ ይህችም ድንጋይ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ትጨምራለች። ባለሙያው ድንጋይቱን ቆርጦ በአጉሊ መነጽር ሲመለከታት የዓሣውን ዕድሜ ያነባል። በዚህ ዓይነት ወደ ገበያ ከመጣው ዓሣ ናሙና እየተወሰደ ስንቱ የሁለት፣ ስንቱ የሦስት፣ ስንቱ የአምስት ዓመት እንደሆነ ይታወቃል። በአንድ ዓመት የተፈለፈሉ ዓሦች በየዕድሜያቸው ስንት ስንት ሆነው እንደተያዙ ከታወቀ፣ በተፈጥሮ ሞት የሚጠፉትም ተገምተው ከተደመሩ፣ ከመነሻው ስንት እንደነበሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት ይቻላል። የምርምር መርከቦች በየዓመቱ በተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ መረብ የሚያደርጉት ቅኝት ስሌቱን ለማረም ያገለግላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በመጪው ዓመት ምን ያህል ቶን ቢያዝ ክምችቱ ራሱን እንደሚተካ ይገመታል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ይህ ውብ ስሌት በአብዛኛው የቆመው በተያዘው ዓሣ መዝገብ ላይ ነው። ያልተመዘገበ ዓሣ ለስሌቱ እንዳልኖረ ይቆጠራል። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

የሳይንቲስቶቹ ምክር ወደ ፖለቲከኞች ጠረጴዛ ይቀርባል። ብሪታኒያ የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረችበት ዘመን ጠቅላላውን መጠን የሚወስኑት በየዓመቱ መጨረሻ የሚሰበሰቡት የአባል አገሮች ሚኒስትሮች ነበሩ፤ እያንዳንዱ አገር የሚያገኘው መቶኛም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በአመዛኙ ተቆርጦ የተቀመጠ ነበር። አገሪቱ የደረሳትን ድርሻ በገዛ አጥማጆቿ መካከል እንዴት እንደምታከፋፍል ግን የራሷ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ሳይንሱ ዝም ይላል። የባሕር ተመራማሪው «ከዚህ በላይ አትያዙ» የሚያሰኝ ስሌት አለው፤ «እገሌ ይያዝ» የሚያሰኝ ግን የለውም።

መዝገብ የሌለው አጥማጅ

ብሪታኒያ የመረጠችው መለኪያ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ለመርከብ ፈቃዶች ቋሚ የኮታ ድርሻ ሲመደብ ድርሻው በዋነኛነት የተሰላው ከ1994 እስከ 1996 በነበሩት ሦስት ዓመታት ከተመዘገበው ምርት ነው። ሐሳቡ ቀላልና በአንደኛ እይታ ፍትሐዊ ይመስላል፦ ሁሉም የለመደውን ያህል ያግኝ። ነገር ግን በጥቂቱ ብናስብበት፣ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ያጠመደ ብዙ ተሰጠው፤ ለክምችቱ በማሰብ የቆጠበ አጥማጅ ከነበረ ደግሞ በቁጠባው ተቀጣ ማለት ነው። የድርሻው ባለቤቶች በአምራቾች ማኅበራት ተደራጅተው ኮታቸውን በጋራ ያስተዳድራሉ፤ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ፤ ያከራያሉ። ውሎ አድሮም ድርሻው ከፈቃዱ ጋር በብዙ ገንዘብ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሆነ።

ርዝመታቸው 10 ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑት ጀልባዎች ከዚህ ሥርዓት ውጭ ቀሩ። እነርሱ የጉዞና የምርት መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም። በወቅቱ ይህ እንደ ችሮታ የሚታይ ነገር ነበር፤ በሁለት ሰው የሚሠራን ጀልባ በወረቀት ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል? ዳሩ ግን ድርሻ በመዝገብ ሲከፋፈል መዝገብ የሌለው ሰው ምን ያህል ያጠምድ እንደነበር የሚያስረዳበት ሰነድ አጣ። መንግሥት የትናንሾቹን ምርት በግምት ወስኖ አንድ የጋራ ቋት አበጀላቸው፤ ከቋቱም በየወሩ ለእያንዳንዱ ጀልባ ጣሪያ ይቆርጥ ጀመር።

ግምቱ ስሕተት እንደነበር የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥውር ሽያጭን ለመቆጣጠር ሲባል ከጀልባ ላይ ዓሣ የሚረከብ ነጋዴ ሁሉ ተመዝግቦ የገዛውን መጠን እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ የነጋዴዎቹ ሰነድ ሲደመር የትናንሾቹ ጀልባዎች ምርት ከተገመተው እጅግ የላቀ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ግን ቋቱ ሰፋ ማለት አልነበረም። ድርሻው ቀድሞ ተከፋፍሎ አልቋልና ትክክለኛው ቁጥር ሲታወቅ የተከተለው የወር ጣሪያው ጥበት ነበር።

በ2012 አካባቢ ይነገር በነበረው አኃዝ መሠረት ትናንሾቹ ጀልባዎች ከብሪታኒያ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎችና መርከቦች ቁጥር ሦስት አራተኛ ያህሉን ሲይዙ ከኮታው የነበራቸው ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነበር። በ2014 ደግሞ የሆላንድ ኩባንያ ንብረት የሆነ፣ በእንግላንድ የተመዘገበ አንድ መርከብ ብቻውን ከእንግላንድ ኮታ 23 በመቶውን እንደያዘ ተዘገበ። አኃዞቹ እውነት ናቸው፤ ሆኖም በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የኮታው ክብደት በአብዛኛው እንደ ሄሪንግና ማኬሬል ባሉ፣ በሚሊዮን ሆነው ሩቅ ባሕር ላይ በሚጓዙ ዓሦች የተያዘ ነው። የሄስቲንግስ ጀልባ ያን ኮታ ቢሰጠው እንኳ ሄዶ ሊያጠምደው አይችልም። ከትናንሾቹም ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ኮታ በሌላቸው በሸርጣንና በሎብስተር ነው። የእውነተኛው ክርክር ማዕከል ጠቅላላው ቶን ሳይሆን በጠረፉ አጠገብ የሚገኙት ሶል፣ ኮድና የመሳሰሉት ጥቂት ዝርያዎች ናቸው።

ይህን ሲያነብ የጣና ሐይቅ ትዝ የሚለው አንባቢ አይጠፋም። በጣና ላይም የደንገል ታንኳና ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገባው የሞተር ጀልባ አንዱን ውኃ ይጋራሉ። የእኛው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሁለት አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ድርሻ በታሪክ ይከፋፈል የሚባል ከሆነ የታንኳው ባለቤት ምን ያህል ያጠምድ እንደነበር የሚመሰክርለት ወረቀት ይኖር ይሆን? ጥያቄው ክፍፍሉ ከመምጣቱ በፊት መነሣት ያለበት ይመስለናል።

በ9 ሜትር ከ95

ሕግ አንድ መስመር ሲያሰምር ሰው ደግሞ መስመሩን እየተጠጋ ይሠራል። የ10 ሜትሩ ወሰን ከተቀመጠ በኋላ ርዝመታቸው ከወሰኑ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚያንስ፣ ግን ጎናቸው የሰፋ፣ ሆዳቸው የጠለቀና ሞተራቸው ኃይለኛ የሆነ ጀልባዎች መሠራት ጀመሩ። በወረቀት ላይ ትናንሾች ናቸው፤ በባሕር ላይ ግን ከቋቱ የሚጨልፉት በትልቅ ማንኪያ ነው። ከቋቱ ምርት የላቀውን ክፍል የሚወስዱት ጥቂት ጀልባዎች እንደነበሩ ሁሉም ወገን ያምናል። ስለዚህ «ትልቅ» እና «ትንሽ» የሚለው ክፍፍል እንደሚሰማው ንጹሕ አይደለም። «ትንሽ ጀልባ ሁሉ ለባሕር ደግ ነው» የሚለውም አባባል ሳይፈተሽ ሊወሰድ አይገባውም።

ያም ሆኖ የማጥመጃው ዓይነት ለክምችቱ ለውጥ ያመጣል። የባሕር ወለልን እየጠረገ የሚጎተት መረብ ያገኘውን ሁሉ ሲሰበስብ፣ በአንድ ቦታ የሚተከል መረብ ግን በቀዳዳው ስፋት ዓሣውን ይመርጣል፤ ጫጩቱ ያልፋል። አንድ ቶን ሙሉ በሙሉ ያደጉ ዓሦችና አንድ ቶን ገና ያልጎለመሱ ዓሦች በሚዛን እኩል ናቸው። በቁጥርና ወደፊት ሊጥሉት በሚችሉት ዕንቁላል ግን ፈጽሞ አይመጣጠኑም። በመሆኑም ድርሻ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ሲዘዋወር የሚዘዋወረው ገቢ ብቻ አይደለም፤ ክምችቱ የሚደርስበት የጉዳት ዓይነትም ይለወጣል።

ዳኛው ፊት

ወደ 2012 እንመለስ። መንግሥት የመረጠው በእንግላንድ ማኅበራት እጅ ሆኖ በተከታታይ ዓመታት ጥቅም ላይ ያልዋለውን ኮታ ነበር። ማንም የማያጠምደውን ዓሣ መውሰድ ማንንም አይጎዳም የሚል አመክንዮ ነው። የአምራቾች ማኅበራት ግን አጥብቀው ተቃወሙ። በእነርሱ በኩል ያልተጠመደ ኮታ ሥራ ፈት አይደለም፤ ለሌላ ዝርያ መለወጫና ለክፉ ዓመት መጠባበቂያ ነው። ከአባሎቻቸውም ድርሻቸውን በገንዘባቸው የገዙ ነበሩ። ዛሬ ያልተነካውን የሚወስድ መንግሥት ነገ የተነካውንስ ላለመውሰዱ ምን ዋስትና አለ?

ማንም ብዙ ያላነሣው ሌላ ጥያቄም ነበር፤ ለእኛ ለሳይንስ አንባቢዎች ይበልጥ የሚስበው እርሱ ነው። ያልተጠመደ ኮታ ማለት በባሕር ውስጥ በሕይወት የቀረ ዓሣ ማለት ነው። ኮታው ሊያጠምደው ወደሚችል እጅ ሲሸጋገር በጣሪያው ላይ አንድም ቶን ሳይጨመር በተግባር የሚያዘው ዓሣ ይጨምራል። ጣሪያው በትክክል የተሰላ ከሆነ ክምችቱ ይህን ይችለዋል፤ ስሌቱ ከልክ በላይ ተስፈኛ ከነበረ ግን ሳይታወቅ የቆየው መጠባበቂያ ይጠፋል። በሌላ በኩል፣ ኮታ አጥተው ሞቶ ይጣል የነበረው ዓሣ ወደ ገበያ መውጣቱና በመዝገብ መስፈሩ ለስሌቱ ጥቅም አለው። ሁለቱን ማመዛዘን ለእያንዳንዱ ክምችት በተናጠል የሚሠራ ሥራ ነው እንጂ በአንድ መርሕ የሚዘጋ አይደለም።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሐምሌ ወር 2013 (እ.ኤ.አ.) ለመንግሥት ፈረደ። ዳኛው ክራንስተን የኮታ ድርሻ በገበያ ዋጋ እንዳለው አልካዱም፤ ይሁንና በባሕር ውስጥ ያለው ዓሣ የማንም የግል ሀብት ባለመሆኑ ማኅበራቱ ላልተጠቀሙበት ኮታ ካሳ የሚያስጠይቅ መብት የላቸውም አሉ። በዚያው ዓመት የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የዓሣ ሀብት ደንብ ደግሞ በአንቀጽ 17 አገሮች ኮታ ሲያከፋፍሉ የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የኢኮኖሚ መመዘኛዎችን በግልጽ እንዲጠቀሙ አዘዘ። ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ይህን አንቀጽ ይዞ፣ መንግሥት ለትናንሾቹ በቂ አላደረገም ሲል ከሰሰ። በ2016 እርሱም ተረታ። በመጀመሪያው ክስ መንግሥት አብዝተሃል ተባለ፤ በሁለተኛው አሳንሰሃል ተባለ። ፍርድ ቤቱ በሁለቱም ጊዜ የክፍፍሉን ውሳኔ ለመንግሥት ተወለት።

ብሪታኒያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ፣ ከ2021 ጀምሮ፣ በስምምነት ያገኘችው ተጨማሪ ኮታ አለ። በእንግላንድ ይህ ተጨማሪ መጠን በ1990ዎቹ ታሪክ ብቻ ሳይሆን በሌላ ስሌት እንዲከፋፈልና የትናንሾቹም ቋት ከእርሱ እንዲካፈል ተደርጓል። ነባሩ ኮታ ግን ዛሬም በአመዛኙ በእነዚያ ሦስት ዓመታት መዝገብ እንደተከፋፈለ ነው።

የ10 ሜትር ጀልባ ባለቤቶችም ዛሬ ከመዝገብ ነጻ አይደሉም። በእንግላንድ የዕለት ምርታቸውን በእጅ ስልካቸው በሚሠራ መተግበሪያ መላክ የፈቃዳቸው ግዴታ ሆኗል። አንዳንዶቹ በባሕር ላይ ደክሞ ለመጣ ሰው ይህ ምን የሚሉት ጣጣ ነው እያሉ ያማርራሉ። ያም ሆኖ ጀልባቸው ጠጠሩ ላይ ከወጣ በኋላ፣ የያዙትን ሶል በኪሎ እየገመቱ ይጽፉታል።