እብጠቱ ቢጠፋም መድኃኒቱ አይቋረጥም

ልጅ ጠዋት ዓይኑ አብጦ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምንጠረጥረው ብርድ፣ ምች ወይም አለርጂ ነው። የአራት ዓመቱ ልጄ ዓይኑ ሥር ማበጥ ሲጀምርም መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ የዓይን ጠብታ ነበር ያዘዘልን። እብጠቱ ከሰዓት በኋላ ስለሚቀንስ ጠብታው የሠራ ይመስል ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን እግሩ አበጠ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ሱሪው ጠበበው። አያቱ “ተመስገን፣ ልጁ ወፈረልን” አሉ። ሽንቱ ደግሞ መጠኑ አንሶ እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ ይሠራ ጀመር።

የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ሽንቱ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ተገኘ፤ በደሙ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደግሞ ወርዷል። ሕመሙ ኔፍሮቲክ ሲንድረም እንደሚባል ሐኪሟ ነገረችን። ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው፤ ቆሻሻውን አሳልፎ ፕሮቲኑን ያስቀራል። በዚህ ሕመም ወንፊቱ ይላላና ፕሮቲኑ በሽንት ይፈሳል፤ ውኃና ጨውም በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። እብጠቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሕመሙ በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ሲሆን ወንዶቹ ይበዛሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

የመጀመሪያው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በየቀኑ ይሰጣል፤ ከዚያ መጠኑ ይቀነስና አንድ ቀን እየተዘለለ ይቀጥላል። ከ10 ልጆች 8ቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት በዚህ መድኃኒት ይሻላቸዋል፤ አብዛኞቹም በ4 ሳምንት ውስጥ።

የእኛም ልጅ በሁለተኛው ሳምንት እብጠቱ ሟሸሸ። ቤት ውስጥ ክርክር የተነሳው ያኔ ነው። መድኃኒቱ ፊቱን አድቦልቡሎታል፣ ምግብ አይበቃውም፣ ይነጫነጫል። አያቱ “ልጁ ድኗል፤ ጸበሉ ይበቃዋል፤ ይህ ሁሉ ክኒን ለምን?” አሉ። ሐኪሟ እንዲህ አለቻቸው፦ “እማማ፣ ጸበሉን ያስጠምቁት፤ ክኒኑን ግን አያስቋርጡብኝ። መዳኑን የሚነግረን ሽንቱ እንጂ ፊቱ አይደለም።” መድኃኒቱ በድንገት ከቆመ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ተመሳሳይ ሆርሞንም ስለሚዳከም ልጁ ለአደጋ ይጋለጣል። ከዚያን ቀን ወዲህ የክኒኑን ሰዓት የሚያስታውሱን እሳቸው ሆኑ።

አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ነገር ሕመሙ እንደሚያገረሽ ነው። መድኃኒቱ ከሠራላቸው ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገረሽባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ጉንፋንን ተከትሎ። የእኛ ልጅ በስምንተኛው ወር አገረሸበት። ያወቅነው ግን እብጠት ሳይታይ ነው፤ በየጠዋቱ ሽንቱን በመመርመሪያ ወረቀት እያየን ውጤቱን ደብተር ላይ እንጽፍ ነበር። ሦስት ቀን በተከታታይ ሦስት የመደመር ምልክት ሲያሳይ ወደ ሐኪሟ ወሰድነው።

ፕሬድኒሶሎን ለማይሠራላቸው ጥቂት ልጆች ከኩላሊት ናሙና ተወስዶ ሌላ መድኃኒት ይሞከራል፤ ኩላሊታቸው የመጎዳት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። የሚሠራላቸው ግን ደጋግሞ ቢያገረሽባቸውም ኩላሊታቸው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ እንደሆነ ይቆያል። ብዙዎቹም እያደጉ ሲሄዱ ሕመሙ ይተዋቸዋል።

የማይታለፉ ምልክቶችም አሉ። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ሕመም ከታየ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ እነዚህ ልጆች ለኢንፌክሽንና ለደም መርጋት ይጋለጣሉና። ክትባት ከመሰጠቱ በፊትም ልጁ ፕሬድኒሶሎን እንደሚወስድ መናገር ያስፈልጋል። እብጠት ሲኖር ወጡ ላይ ጨው ይቀነስ፤ ቺፕስና ጨው የበዛበት ቆሎም ይቅር።

አያቶች ሆይ፣ የልጅ ልጃችሁ በጥቂት ቀን ውስጥ ወፍሮ ካያችሁት ከመመረቃችሁ በፊት ቁርጭምጭሚቱን ጫን አድርጋችሁ እዩት። ጣታችሁ ጎድጎድ ያለ ምልክት ትቶ ከቀረ ውፍረት አይደለም፤ ሽንቱ ይመርመር።