ሄዘር በል ጥንዚዛ

በኔዘርላንድስ፣ ቬሉወ የተባለው አሸዋማ ምድር በነሐሴ ሐምራዊ ይለብሳል። አበባው የሄዘር ነው፤ ከጉልበት እምብዛም የማያልፍ፣ በእኛ ተራሮች ከሚበቅለው አስታ ጋር የሚዛመድ ቁጥቋጦ። በአንዳንድ ዓመት ግን ሜዳው ሳያብብ እሳት እንደለበለበው ቀላ ብሎ ይደርቃል። ይህን የምታደርሰው 6 ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን ቡናማ ጥንዚዛ ናት።

ጥንዚዛዋ የምትኖረው ሄዘርን በልታ ነው። ብርዱን በብስባሽ ውስጥ ተደብቃ ታሳልፍና ሙቀቱ ሲመጣ ወጥታ እንቁላሏን ከተክሉ ሥር እርጥበት ባለበት ትጥላለች፤ ቦታው ከደረቀ እንቁላሉ ይመክናል። በሰኔ እጮቹ ወደ ላይ ወጥተው ቅጠሉንና ለጋውን ቅርፊት ይግጣሉ። በወረርሽኝ ዓመት በአንድ ካሬ ሜትር ከ1,000 በላይ እጭ ሊገኝ ይችላል። ወጣቱ ሄዘር ብዙ ጊዜ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ያረጀው ግን ይሞታል።

ጥንዚዛዋ የጥንት ነዋሪ ናት። ታዲያ ጉዳቱ ለምን በረታ? መልሱ ያለው በአፈሩ ነው። ገበሬዎች ለዘመናት በዚህ ሜዳ በግ አሰማርተዋል፤ የላይኛውን አፈር ከነተክሉ እየላጡ በረት አንጥፈው፣ ከፍጉ ጋር ወደ እርሻቸው ወስደዋል። መሬቱ እንዲህ ደኸየ፣ ሄዘርም በድሃ መሬት ይበረታል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን የከብት፣ የአሳማና የዶሮ እርባታው ሰፋ። ከፍጉ የሚተነው አሞኒያ በነፋስና በዝናብ እየወረደ ሜዳውን በናይትሮጂን አጠገበው። ናይትሮጂን የበዛበት ቅጠል ለእጮቹ የተሻለ ምግብ ነው፤ ሄዘሩ ሲራቆት ደግሞ ብርሃን መሬት ይደርስና ሞሊኒያ የተባለው ሣር፣ ናይትሮጂኑን አግኝቶ፣ ቦታውን ይወርሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአየር የተነሱ ፎቶግራፎች ሲመረመሩ ከአገሪቱ የሄዘር ሜዳ ቢያንስ 35 በመቶው ሣር ሆኖ ተገኘ።

ኒውዚላንድ ይህችኑ ጥንዚዛ ፈልጋ አስመጥታታለች። በቶንጋሪሮ ብሔራዊ ፓርክ ለአደን ወፎች ሲባል ከ1912 ጀምሮ የተተከለው ሄዘር አገር በቀሉን ዕፅዋት ሲያጥለቀልቅ፣ በ1996 ጥንዚዛዋ ተለቀቀችበት። ለዓመታት አልቀናትም፤ አንዱ ምክንያት የእሳተ ገሞራው አፈር ናይትሮጂን የሚያንሰው መሆኑ ነው። በኋላ ግን ተባዝታ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር አድርቃለች።

የኔዘርላንድስ ጠባቂዎች ዛሬ በጎቹን መልሰዋል፤ ናይትሮጂን የተከማቸበትን የላይኛ አፈርም በማሽን ይልጣሉ። ልፋታቸው ግሩም ነው። ሆኖም ከአየር የሚወርደው አሞኒያ ካልቀነሰ የተላጠው መሬት መልሶ ይሞላልና፣ ሥራው ከከብት ማርቢያው መጀመር አለበት እላለሁ።